ጽዋው አሰለፈች ቤት የገባ ዕለት

አሰለፈች ወልደጊዮርጊስ ሮም ከገባች ስምንት ዓመት ሲሞላት «ቤቴ» የሚለው ቃል አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «ሲኞራዋ ቤት» ትላለች፣ «አባ ቤት» ትላለች፤ ከዚያ አታልፍም። ይህ ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እያለች ያሳደገቻት እናት ልጅ ናትና የሌላትን አለኝ ከምትል ምላሷን ብትነክስ ትመርጣለች።

ጓደኞቿ በአረማመዷ ይቀልዱባት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኛ ሁሉ ሲያርፍ ሴቶቹ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ይሰበሰባሉ። አሰለፈች አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ ብቅ ስትል «መጣች ባለ ግንቧ» ይባባላሉ። ግንቡ ወጥ ቤት ጥግ ያለች፣ ከአንድ አልጋና ከአንድ ቁም ሣጥን በቀር ምንም የማትይዝ ክፍል ነበረች። ክፍሏም የሰው ናት።

ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት የሆነ ጣሊያናዊ ቤት ትሠራ ነበር። በ1967 መሰንጠቂያው ተወረሰ፤ ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ ልጆቹ ያለ እሷ አንሄድም ብለው አለቀሱና ይዟት ሄደ። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው እማዬ» ብላ ነበር የወጣችው። በሦስተኛው ዓመት እናቷ ታማ አረፈች፤ ያን ጊዜ ሰው ለቅሶ ለመቀመጥ እንኳ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ወራሽ አገር ውስጥ የለም ተባለና ቀበሌው የእናቷን ቤት ለሌላ ሰው ሰጠው። ደብዳቤው ሲደርሳት አሰለፈች ሁለት ጊዜ አለቀሰች፤ አንዱን ለእናቷ፣ አንዱን በዓመት አንድ ጊዜ የማርያም ማኅበር ይገባባት ለነበረችው ለዚያች ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት።

የጣሊያኑ ልጆች ሲያድጉ ሲኞራዋ፣ የሰውየው ሚስት፣ ከአንድ የአየርላንድ መነኮሳት ቤት አገናኘቻት። ቤቱ ቴስታቾ ሰፈር ያለ፣ በጓሮው አንድ የሎሚ ዛፍ የበቀለበት አሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሌሎቹ መነኮሳት ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜ የሚገኙት አባ ኮርማክ ብቻ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በከዘራ ይሄዳሉ። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ በወገባቸው ገመድ ላይ ስለሚንጠለጠል ከመድረሳቸው በፊት ቁልፉ ሲንቃጨል ይሰማል። ቁልፍ ያለው ሰው በር ማንኳኳት ምን ይሠራለታል? አባ ኮርማክ ደግ ሰው ነበሩ፣ በር ማንኳኳት ግን አያውቁም። ወጥ ቤትም ቢሆን፣ ጓዳም ቢሆን፣ ዝም ብለው ነው የሚገቡት።

እንግዲህ ስለ ማኅበሩ ልንገራችሁ። አሥራ አራት ሴቶች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከአሥመራ የመጡ። አገር ቤት ወንድሞቻቸው በጠመንጃ የሚፈላለጉ ሴቶች እዚህ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። ፖለቲካ ያነሳች እንደሆነ ሙሴዋ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ ወይዘሮ ጣይቱ፣ «ለሚመጣው ወር ዳቦ ጋግሪ» ብለው ይቀጧታል። ወይዘሮ ጣይቱ ጎንደሬ ናቸው፤ ከሳ ብለው ረዘም ያሉ፣ ስሕተት ከሩቅ የሚሸታቸው ሴት። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ካልሆነም ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ፣ ሴቶቹ በእመቤታችን ስም ይሰበሰባሉ። ቄስ ተክለጻድቅ የሚባሉ ለትምህርት የመጡ ካህን ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ፤ ጽዋው ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል።

ችግሩ ጽዋ ቤት መፈለጉ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ባለተራዋ በሯ ላይ ቆማ ማኅበርተኞቿን አንድ በአንድ «ቤቴ ግቢ» ብላ ታስገባለች። አሥራ ሦስቱ ሴቶች ግን ፊሶ ናቸው፤ የሚበሉትም የሚያድሩትም አሠሪዎቻቸው ዘንድ ነው። የራሷ ኪራይ ቤት ያላት ፒኜቶ ሰፈር የምትኖረው አብረኸት ብቻ ነበረች፤ እሷና ባሏ ትራሙ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ሁለት ክፍል ይዘዋል። ስለዚህ ተራው የማንም ይሁን የማን ድግሱ አብረኸት ቤት ነው። ባለተራዋ ዳቦዋን በሻንጣ ተሸክማ ትመጣለች፤ በሩ ላይ ቆማ «ቤቴ ግቢ» የምትለው ግን አብረኸት ናት። አሰለፈች ሁለት ጊዜ ተራ ደርሷት ሁለቱንም ጊዜ ዳቦዋን አቀብላ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ማንም አላስተዋለም እንጂ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦውን ሳትቀምሰው ነው የተነሣችው።

በ1975 የሚያዝያው ማኅበር በሆሳዕና እሑድ ዋለ። በጾም ድግሱ መካከል አብረኸት አንገቷን ደፍታ፣ ባሏ ስዊድን ሥራ እንዳገኘና በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቅቀው እንደሚሄዱ ተናገረች። ወይዘሮ ጣይቱ ጽዋውን በጨርቁ ሸፈኑና «እንግዲህ ሌላ ቤት ያላት የለችም። ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተን ማኅበሩን እንፍታው። በየአግዳሚ ወንበሩ የማርያምን ጽዋ ይዞ መዞር ነውር ነው» አሉ።

«እኔ እቀበለዋለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

አሰለፈች ዞር ብላ የተናገረውን ሰው ፈለገች። የተናገረችው ራሷ ነበረች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ማለት ይኸው ነው።

«የት ልታደርጊው?» አሉ ወይዘሮ ጣይቱ።

«ቦታ አላጣም፣ እትዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም። ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና በትራም ወሰደችው፤ ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ ከተጣጠፉት አንሶላዎች በላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቤት ፍለጋ ወጣች። ኦስቲያ ድረስ በባቡር ሄዳ ለአንድ ቀን የሚከራይ የባሕር ዳር ቤት እንዳለ ጠየቀች፤ የበጋ ተከራይ ቀድሟት ነበር። ቲቡርቲና አካባቢ አንዲት አከራይ አሥራ ሦስት ጥቁር ሴቶች የሚለውን ስትሰማ በሩን ዘጋችባት። ፋሲካ አለፈ፣ ዳግማይ ትንሣኤም ቀረበ። አባ ኮርማክን ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስቱንም ጊዜ «ሻይ ላምጣ አባ?» ብላ ዘጋችው። አንደኛ እሳቸው ካቶሊክ ናቸው፤ የኦርቶዶክስ ጽዋ ቤትዎ ይግባ ማለት እንዴት ይቻላል? ሁለተኛ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለመለመን አንገቷ አልታጠፍ አለ።

ጠላው ግን ጊዜ አይሰጥም። ከመነኮሳቱ ቤት ሥር ካንቲና የሚሉት አንድ ምድር ቤት ነበረ፤ የድሮ የወይን በርሜልና የተሰበረ ወንበር የተከመረበት፣ ግድግዳው በከሰል ጥላሸት የጠቆረ። አንድ በሩ ወደ ጓሮው ይወጣል፤ ሌላው በደረጃ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ የመጣውን ጌሾ በዚያ በድብቅ ጠነሰሰችው። ቤት ባይኖርም ጠላ ይኑር ብላ ነው፤ ሰው ጭንቅ ሲይዘው እጁ የሚያውቀውን ይሠራል።

ግንቦት አምስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ ጥንስሱን ልታይ ወርዳ ሳለ ከበላይዋ ቁልፍ ተንቃጨለ። አባ ኮርማክ እንደ ልማዳቸው ሳያንኳኩ ገብተው ደረጃው ላይ ቆመው አየሩን ያሸታሉ።

«አሰለፈች፣ እዚህ የሚብላላው ምንድን ነው?»

«ጠላ ነው፣ አባ። ከገብስ የሚሠራ መጠጥ።»

«እኛ መንደር ከገብስ የሚሠራው ነገር ከፖሊስ ይደበቃል። አንቺ የደበቅሽው ከማን ነው?»

«ከእርስዎ» አለች።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወርደው አንድ በርሜል ላይ ተቀመጡ። ቁጡ ፊት አልነበራቸውም። አሰለፈችም ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እያበሰች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጽዋውን፣ አብረኸትን፣ ከአፏ ያመለጣትን ቃል፣ የተዘጋባትን በር። ስትጨርስ አባ ኮርማክ ከዘራቸውን በርሜሉ ላይ አስደገፉ። ከዚያ እሷ ያልጠበቀችውን ነገር ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ትውልድ መንደራቸው፣ ስለ ድሩምካላ።

ድሩምካላ በምዕራብ አየርላንድ ያለች የገጠር ሰበካ ናት አሉ። ድንጋይ፣ ረግረግ፣ በግ፣ ዝናብ። ዱሮ እንግሊዞች ቅዳሴ በከለከሉበት ዘመን ቄሶች ከቤት ቤት እየተደበቁ ይቀድሱ ነበር። ዘመኑ ካለፈ በኋላም ገበሬው ልማዱን አልተወም። በጸደይና በመኸር ቅዳሴው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ገበሬ ቤት ይሄዳል፤ በየሠፈሩ በተራ። ተራ የደረሳት ሴት ቤቷን በኖራ ትለስናለች፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፣ ከቅዳሴው በኋላ አብሮ ይበላል።

«እናቴ ባሏ የሞተባት ደሃ ነበረች» አሉ አባ ኮርማክ። «የሣር ጣሪያችን ያፈስ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ጎረቤቶቿ አዝነውላት፣ ዘንድሮ ይለፋት ተባባሉ። እሷ ግን ስሜ ከተራው ከወጣ እኔም ከሰበካው ወጣሁ ማለት ነው አለች። ቀኑ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ሠፈርተኞቹ ሣርና ኖራ ተሸክመው መጡ። የሰበካው ቄስ ደግሞ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። የማንንም በር በከዘራቸው ገፍተው ነው የሚገቡት። ያን ዕለት ጠዋት ግን አንኳኩ። በዝናብ፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ እናቴ ግቡ እስክትል ቆሙ። ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ያን ቀን ቁመቷ ጨምሮ ነው የታየኝ።»

አሰለፈች የያዘችውን ማማሰያ አስቀመጠች።

«እናንተም አገር ጽዋ አለ?» አለች።

«ይመስለኛል» አሉ። «አሎራ፣ እንግዲያው፣ ይህ ካንቲና ከበቃሽ ያንቺ ነው። ያን ቀን ቤቱ የባለተራዋ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። የእኔ ጸሎት ከላይ ነው፤ ከጠራሽኝ እንግዳ ሆኜ እወርዳለሁ። ቀኑ መቼ ነው?»

«በሃያ አንድ፣ አባ። የማርያም ዕለት።»

አባ ኮርማክ ኪሳቸው ውስጥ ካለችው ደብተር ላይ ጻፉት።

ልብ በሉ፣ አሰለፈች የፈረንጅ ቀን ጠፍቷት አይደለም። ለፔርሜሶዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ በፈረንጅ ትቆጥራለች፣ ለሐሙስ ዕረፍቷም እንዲሁ። ለማርያም ግን በማርያም ነው የምትቆጥረው፤ ሌላ አቆጣጠር መኖሩ በዚያ ሰዓት ትዝም አላላትም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለወይዘሮ ጣይቱና ለቄስ ተክለጻድቅ ልትነግር ወደ አደባባዩ ሄደች። ወይዘሮ ጣይቱ «የካቶሊክ መነኮሳት ቤት?» ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ቄስ ተክለጻድቅ ወጣት ናቸው፣ ቶሎ አይፈርዱም። ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ልጄ፣ እኔ የካቶሊክ ቤት ገብቼ የማኅበር ዳቦ አልባርክም። ቤቱ ያንቺ ከሆነ ግን እባርካለሁ። የማን ቤት እንደሆነ በዕለቱ ደጁ ላይ ቆሜ አያለሁ» አሉ።

«ባይሆንስ?» አለች አሰለፈች።

«ባይሆን ጽዋው ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። ማኅበሩም ይፈታል» አሉ ወይዘሮ ጣይቱ።

ወደ ቤት ስትመለስ ካንቲናውን ከፍታ አየችው። ጥላሸት፣ በርሜል፣ የሸረሪት ድር። ገና አሥር ቀን አለኝ ብላ ልቧን አጽናናች።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የመንገዱ በር ተደወለ። አሰለፈች ሽርጧን እንደታጠቀች፣ መወልወያዋን እንደያዘች ከፈተች። አሥራ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል። ፊታቸው ፀሐይ ያቃጠለው፣ እጃቸው የገበሬ፣ ልብሳቸው የእሑድ። ከፊት አንዲት ወፍራም አሮጊት ክብ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። አሰለፈች የማታውቀውን ቋንቋ እየተናገሩ ሁሉም እጇን ጨበጡ።

አባ ኮርማክ ከደረጃው ላይ ደስ ብሏቸው ወረዱ። ያ የካቶሊኮች ቅዱስ ዓመት ነበርና የድሩምካላ ሰዎች ለመሳለም ሮም መጥተዋል። አባ ደግሞ ካንቲናውን በሰጧት ዕለት ቴሌግራም ልከውላቸዋል፦ እዚህ ቤት አንዲት ሴት ተራዋ ደርሷል፣ ጎረቤት የላትም፣ በሃያ አንድ ጠዋት መጥታችሁ ጎረቤት ሁኗት። አሮጊቷ ብሪዲ የወንድማቸው ሚስት ናት።

«ዛሬ?» አለች አሰለፈች።

«ዛሬ ሃያ አንድ ነው።»

«ዛሬ አሥራ ሦስት ነው፣ አባ!»

ግድግዳው ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ አሳዩዋት፤ ማጆ፣ የፈረንጆቹ ግንቦት፣ ሃያ አንድ። ያኔ ነገሩ ገባት። የእሷ ሃያ አንድ ገና ስምንት ቀን ይቀረዋል። ባዶ ቤት፣ ያልደረሰ ጠላ፣ ያልተቦካ ዳቦ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አሥራ ሁለት እንግዳ። የባለሙያ ልጅ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባት አያውቅም። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

አባ ኮርማክ ለሰዎቹ በቋንቋቸው አስረዷቸው። ጥቂት ተሳሳቁ። ብሪዲ ግን አልሳቀችም። አንድ ነገር ጠየቀች፤ አባ ተረጎሙ።

«ቅዳሴው የሚገባበትን ክፍል አሳዩኝ ትላለች።»

አሰለፈች እያፈረች ወደ ካንቲናው ወሰደቻቸው። ብሪዲ ጥላሸቱን በጣቷ ነካችው፣ ጣቷን አየችው፣ ከዚያ ወደ አባ ዞራ ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቀች። ስምንት አሏት። ዳቦዋን ለአሰለፈች ሰጥታ ካፖርቷን አወለቀች።

«ምን አለች?» አለች አሰለፈች።

«ስምንት ቀን ከቀረው የመጣነው በትክክለኛው ቀን ነው፤ ጎረቤት የሚመጣው ይኼን ጊዜ ነው አለች።»

ሳይደግስ አይጣላም ይሏል እንዲህ ነው። ወንዶቹ የእሑድ ጃኬታቸውን ሎሚው ዛፍ ላይ ሰቀሉ። ሁለቱ ከአባ ጋር ወጥተው ከሰፈሩ ሱቅ ኖራና ቡርሽ ይዘው ተመለሱ። በርሜሎቹ ወደ ጓሮ ተንከባለሉ፤ ወንበሮቹ ተጠገኑ፤ ወደ ላይ የሚወስደው የደረጃ በር ማጠፊያው ተላቅቆ ነበርና አንዱ ገበሬ በኪሱ ቢላ አጠበቀው። ያን ቀን ሊያዩት የነበረ ባዚሊካ የሚሉት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አውቶቡሱም ይጠብቃቸው ነበር። አልሄዱም። ሮም ድረስ መጥቶ ምድር ቤት የሚለስን ተሳላሚ እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። አሰለፈች ግድግዳውን አብራቸው ለሰነች፤ ኖራው በጸጉሯ ላይ ተንጠባጥቦ ብሪዲ በመሐረቧ ጠረገችላት። ከእናቷ ከተለየች ወዲህ ጸጉሯን የነካ ሰው አልነበረም፤ ይህ ትዝ ሲላት አለቀሰች፣ ኖራው ነው ብላም ዋሸች።

ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር አልነበራትምና ያልተጣራውን ጉሽ በብርጭቆ ቀዳችላቸው። አንዱ ሦስት ጠጥቶ ድሩምካላ ውስጥ የሚያውቀውን ሰው አስታወሰኝ አለ፤ ያ ሰው ሁለት ጊዜ ታስሯል። ብሪዲ ያመጣችው ዳቦ ፎጣው ሲገለጥ ከላዩ በቢላ የተሰመረ መስቀል ነበረበት። አሰለፈች መስቀሉን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየች። ሲመሽ ሰዎቹ ጃኬታቸውን ከዛፉ አውርደው ወደ ማደሪያቸው ሄዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አባ ኮርማክ ያን ሰሞን እራት ላይ ሁልጊዜ ከሚናገሩት በላይ ተናገሩ።

ግንቦት ሃያ አንድ እሑድ ዋለ። እመቤታችን ራሷ ቀኑን ገጠመችው ተባለ። አሰለፈች ከሌሊቱ ጀምሮ በወጥ ቤቱ ምድጃ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ጠላውን አጥልላ፣ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ጠረጴዛው መካከል አኖረችው። ካንቲናው እንደ ወተት ነጥቷል። በጓሮው በር ላይ ቆመች፤ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ።

ሴቶቹ ከትራሙ ወርደው እየተንጫጩ መጡ። የመጀመሪያዋ ደጃፉ ላይ ስትደርስ አሰለፈች ስምንት ዓመት የጠበቀችውን ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። የሌላትን አለኝ ብላ የማታውቅ ምላስ እንዴት በአንድ ቀን ትታዘዝ? «ግቢ፣ ግቢ» ብቻ አለች። ሁለተኛዋንም «ግቢ» አለቻት። ስምንተኛዋንም። ሴቶቹ ግድግዳውን እያዩ ተደነቁ እንጂ የጎደለውን ቃል ልብ አላሉትም። ወይዘሮ ጣይቱ ግን ልብ አሉ።

ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸው ላይ ነጭ ቀረ።

«ማን ለሰነው?»

«ጎረቤቶቼ» አለች አሰለፈች።

«አንቺ ምን ጎረቤት አለሽ?»

«አለኝ፣ እትዬ። ከአየርላንድ መጥተው ነው።»

ወይዘሮ ጣይቱ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ቄስ ተክለጻድቅ መጡ። አንድ እግራቸውን ውስጥ፣ አንድ እግራቸውን ውጭ አድርገው ደጃፉ ላይ ቆሙ። መስቀላቸውን ገና አላወጡም። ዳቦውን አዩት፣ ጽዋውን አዩት፣ ከዚያ አሰለፈችን አዩዋት።

«ደንቡን አልሰማሁትም፣ ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ለመሆኑ የማን ቤት ነው?»

አሰለፈች ልትመልስ ስትል ከደረጃው ላይ ቁልፍ ተንቃጨለ። አባ ኮርማክን ጠዋት ራሷ ጠርታቸዋለች፤ አሁን እየወረዱ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሠራችባቸው ቤቶች ውስጥ ባለቤቱ በሯን አንኳኩቶ የገባበት አንድም አልነበረም። አሁን እንደ ልማዳቸው በሩን ገፋ አድርገው ይገባሉ፤ የማን ቤት እንደሆነ ያኔ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። ሴቶቹም፣ ቄሱም፣ በሩን ያያሉ። የከዘራው ድምፅ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደረሰ። ቁልፉ ጸጥ አለ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

በሩ አልተገፋም። አሰለፈች ካንቲናውን አቋርጣ ሄዳ ከፈተችው። አባ ኮርማክ ያን ሁሉ ቁልፍ በወገባቸው አንጠልጥለው፣ ቆባቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘው፣ እንደማያውቁት ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ግቡ እስኪባሉ አንድ እርምጃ አልተራመዱም።

«ቤቴ ይግቡ፣ አባ» አለች አሰለፈች።

ቃሉ በነጩ ግድግዳ ላይ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አመስግነው ገቡና እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ቄስ ተክለጻድቅ ሁለተኛ እግራቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ መስቀላቸውን አወጡ።

«አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ አባቴ» አለች አሰለፈች። ወደ ማኅበርተኞቿ ዞረች፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር፣ አንገቷ ግን እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። «እናንተም ተነሡ። በደንቡ አላስገባኋችሁም።»

ሴቶቹ ተያዩ። መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ ጣይቱ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጓሮው ወጡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው፤ ሎሚው ዛፍ ሥር ተሰለፉ። አሰለፈችም በሯ ላይ ቆማ አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጠራች፣ እንደ አዲስ ቤቷ አስገባቻቸው።